ሃያ ዘፈን፣ አራት ዓመት፦ የክሪደንስ «ክሮኒክል»

ይህን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት ሳህን እያጠብኩ ነው። አሜሪካ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ጓዳ ማታ ማታ እሠራ ነበር። ጓዳው ይጮሃል። የሳህን ማጠቢያው ማሽን ይጮሃል፣ የጭስ ማውጫው ይጮሃል፣ መጥበሻው፣ ድስቱ፣ ትእዛዝ ይዞ የሚገባው አስተናጋጅ፣ ሁሉም ይጮሃል። ዋናው ወጥ ሠሪ ጢሙ የነጣ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። መደርደሪያ ላይ ዘይትና ዱቄት የለበሰች ትንሽ ሲዲ ማጫወቻ ነበረችው። ሌሎቹ ልጆች ተራቸው ሲደርስ የሚወዱትን ይከፍታሉ፤ እኔ ቆሜ ከማጥብበት ጥግ ግን ከጉምጉምታ በቀር ምንም አይደርሰኝም። ሰውዬው የራሱን ሲዲ ሲከፍት ነገሩ ተለወጠ። ድራሙ ለብቻው ይሰማል። ቤዙ ለብቻው፣ ጊታሩም ለብቻው። ከዚያ ደግሞ እንደ መጋዝ የሚቆርጥ ጉሮሮ ያለው አንድ ድምፃዊ ያን ሁሉ ጫጫታ ሰንጥቆ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ባንዱ ክሪደንስ ክሊርወተር ሪቫይቫል ነው። ሲዲው «ክሮኒክል» የሚባለው የምርጥ ዘፈኖቻቸው ስብስብ። የወጣው በ1976 ነው (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ባንዱ ፈርሶ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ። ሃያ ዘፈን፣ ወደ 68 ደቂቃ። አሜሪካ ውስጥ 10 ሚሊዮን ቅጂ ላለፈ አልበም የሚሰጠውን የዳይመንድ ማዕረግ አግኝቷል። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ሽያጩ አይደለም። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ አብሮኝ ኖሯል፤ ሦስት መኪና ቀይሬያለሁ፣ እሱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው። ለምን እንደማልጠግበው ልንገራችሁ።

ሮክ የማይወድ ሐበሻ ብዙ አውቃለሁ። «ጩኸት ነው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ክሪደንስም ይጮሃል። ነገር ግን አራት ሰው ብቻ ነው የሚጮኸው፣ አንዱም የሌላውን ቦታ አይረግጥም። ዳግ ክሊፎርድ ድራሙን ያለ ጌጣጌጥ ቀጥ አድርጎ ይመታል። ስቱ ኩክ ቤዙን ከሥር ይዘረጋል። ቶም ፎገርቲ ሪትም ጊታሩን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ቢያዩት ከመስመሩ የማይወጣ ሰው ነው። ከዚያ በላይ የቶም ታናሽ ወንድም፣ ጆን ፎገርቲ፣ በሊድ ጊታሩና በጉሮሮው ይመጣል። ጠጅ ቤት ገብታችሁ አዝማሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ማሲንቆ ነው ያለው፤ ቤቱ በወሬና በሳቅ ይናወጣል። እሱ ግን ድምፁን የት ላይ እንደሚያስገባ ያውቅበታል፤ ጥግ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ስሙ ሲጠራ ይሰማል። የጆን ዘፈን እንደዚያ ነው። በትልቅ ድምፅ ማጉያ ብትከፍቱት ያምራል፣ በተሰነጠቀች የጓዳ ማጫወቻ ብትከፍቱትም ያው ነው። በኔ ስልክ እንኳ ሞክሬዋለሁ፣ አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር ካንትሪው፣ የአሜሪካ የገጠር ዘፈኑ ነው። እኛ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ አጎቴ የጂም ሪቭስና የኬኒ ሮጀርስ ካሴቶች ነበሩት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሲፈላ እነሱ ነበሩ የሚከፈቱት። እንግሊዝኛውን የሚሰማ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እናቴ ግን ፈረንጁ አዝኖ እንደሚዘፍን ገብቷት «ምን ሆኖ ነው?» እያለች አጎቴን ትጠይቀው ነበር። ስለዚህ ጆሮዬ ካንትሪ ያውቃል። ክሪደንስን ስሰማ የማውቀውን የሀገር ቤት ፈረንጅ ነው የሰማሁት፣ ሸሚዙን ሰብስቦ፣ ጊታሩን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ። «ሉኪን አውት ማይ ባክ ዶር»ን ስሙት። ጥርት ያለ ካንትሪ ነው። ጆን በግጥሙ ውስጥ የካንትሪውን ባክ ኦወንስ በስም ያነሳዋል፣ ጊታሩም ያንኑ መንገድ ይከተላል። መጨረሻው ላይ ዘፈኑ ዝግ ይልና እንደገና ይነሳል፤ እዚያ ጋ ሲደርስ እኔ መሪውን በጣቴ መምታት እጀምራለሁ። ሰዎች የዕፅ ዘፈን ነው ብለውት ነበር። ጆን ግን ለሦስት ዓመት ልጁ የጻፈው ነው። ጓሮ ላይ የሚጨፍሩ እንስሳት ናቸው፣ በቃ።

የሚገርመው እነዚህ ልጆች የገጠር ሰዎች አይደሉም። ያደጉት ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ወሽመጥ ማዶ ባለችው ኤል ሴሪቶ በምትባል ከተማ ነው። ጆን፣ ስቱና ዳግ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ስለ ሉዊዚያና ረግረግ፣ ስለ ወንዝና ስለ መርከብ ሲዘፍኑ የሰማ ሰው እዚያ ተወልደው ያደጉ ይመስለዋል። በሐሳብ የተሠራ ገጠር ነው። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቦሌ ያደገ ድምፃዊ ስለ ማሳና ስለ ወንዝ ማዶ ልጅ ሲያንጎራጉር እናለቅሳለን፣ ማንም አርሰህ ታውቃለህ ብሎ አይጠይቀውም። «ግሪን ሪቨር» ግን እውነተኛ ቦታ አለው። ጆን በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር እረፍት ይወጣበት የነበረ የካሊፎርኒያ ወንዝ ነው፤ ስሙን ግን ከአንድ የለስላሳ ሽሮፕ ጠርሙስ ላይ ነው ያገኘው። ዘፈኑ ውስጥ የእንቁራሪቱን ድምፅና የውሃውን ቅዝቃዜ በእግራችሁ ነው የምትሰሙት።

አሁን ስለ አደራደሩ ላንሳ። የዚህን አልበም ግማሽ ጣዕም የሚሰጠው አደራደሩ ነው። ብዙ ስብስብ አልበሞች ዘፈኑን እንደ ሸቀጥ ይዘረግፉታል፤ ታዋቂውን ከፊት፣ ደካማውን ከኋላ። «ክሮኒክል» ዘፈኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ነው ያስቀመጣቸው። ከ1968 ይጀምራል፣ በ1972 ይጨርሳል። አራት ዓመት! ያን ሁሉ የሠሩት በአራት ዓመት ነው። በ1969 ብቻ ሦስት ሙሉ አልበም አውጥተዋል። (በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ኩባንያ ጀምሮ የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ ማሳተም ጀመረ። አለማየሁ አንዳንዴ ጉሮሮውን ሸካራ አድርጎ ሲለቀው ጆንን ያስታውሰኛል፤ ሁለቱ በአንድ መድረክ ቢገናኙ ብዬ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ።) ስለዚህ እባካችሁ ስልካችሁ ላይ ስትከፍቱት ማደባለቂያውን አጥፉት። ከአንድ እስከ ሃያ በተራ ስሙት። የአራት ልጆች ዕድሜ ነው።

መጀመሪያው ላይ ገና ራሳቸውን እየፈለጉ ነው። «ሱዚ ኪው»ም «አይ ፑት ኤ ስፔል ኦን ዩ»ም የሌላ ሰው ዘፈኖች ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊት በልጅነታቸው የጀመሩት ባንድ ነው፣ ሁለት ጊዜ ስም ቀይረዋል፣ ማንም አላወቃቸውም፣ በመሐል ጆንና ዳግ በተጠባባቂ ጦር ተመዝግበው የወታደር ልብስ ለብሰዋል። ከዚያ ሦስተኛው ዘፈን ይመጣል። «ፕራውድ ሜሪ»። ጆን ከጦሩ የመሰናበቻ ወረቀቱ በእጁ በገባበት ቀን መጻፍ የጀመረው ዘፈን ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ዘፈኑ ሌላ ሆነብኝ። ሥራ ለቆ በወንዝ መርከብ ስለሚሄድ ሰው ነው የሚያወራው፤ ከሥሩ ግን ያ «ነፃ ወጣሁ!» የሚለው እስትንፋስ አለ። ቲና ተርነር ከያኔው ባሏ ከአይክ ጋር በ1971 የራሷ አድርጋዋለች፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በሷ ድምፅ ይሆናል። የሷ እሳት ነው። የዚህኛው ግን እንደ ወንዙ ነው፣ አይቸኩልም።

ቀጥሎ «ባድ ሙን ራይዚንግ»። ይህ ዘፈን ነው ጓዳ ውስጥ ያታለለኝ። ያኔ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፣ ከነጫጫታው ቃሉን መያዝ አልችልም፤ የሠርግ ዘፈን ነበር የመሰለኝ። ምቱ ያስጨፍራል። ሳህኑን በምቱ ነበር የምደረድረው። ከዓመታት በኋላ ግጥሙን ቁጭ ብዬ ሳነበው የጥፋት ዘፈን ነው። ጎርፍ፣ የምድር መንቀጥቀጥ፣ ሞት። ጆን አንድ አሮጌ ፊልም ላይ ዐውሎ ነፋስ አይቶ ነው የጻፈው። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹንም መለስ ብዬ ሳያቸው ነገሩ ገባኝ። አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ዜማው ይዘላል፣ ቃሉ ይከብዳል። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ ያለውን ሰዓት አስቡት። ከበሮው ይመታል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ እልልታው ቤቱን ያናጋዋል፣ እናቲቱ ደግሞ እዚያው መሐል ቆማ እያጨበጨበች እንባዋ ይወርዳል። ማንም «ለምን ታለቅሻለሽ» አይላትም፣ ማንም ከበሮውን አያቆምም። የዚህ ባንድ ውበት ለኔ እዚያ ሰዓት ላይ ያለው ነገር ነው።

«ሎዳይ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስደተኛ የሆነ ሰው ሁሉ ሊሰማው ይገባል። አንድ ሙዚቀኛ ዝና ፍለጋ ወጥቶ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ቀረ። የሚመለስበት ገንዘብ የለውም። ማታ ማታ ለሰካራሞች ይዘፍናል። ሎዳይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለች እውነተኛ ከተማ ናት፤ ጆን ግን ዘፈኑን ሲጽፍ ሄዶባት አያውቅም፣ የስሟን ድምፅ ወድዶ ነው። ካንትሪ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ጊታሩ የማይሞላ። እኔ እዚህ ሀገር «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው መጥተው ፀጉራቸው የነጣ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ፓርኪንግ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሆቴል ውስጥ። ከመካከላቸው አንዱን ጋሼ የምለውን ሰው አንድ ቀን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬ ይህን ዘፈን ከፈትኩለት፤ ቃሉን አስተረጎመኝና «ድገመው እስቲ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሰማነው። ሌላ ምንም አላለም።

ከዚያ «ፎርቹኔት ሰን»። ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የአልበሙ ከፍተኛ ጩኸት እዚህ ነው፣ የሚጮኸውም በምክንያት ነው። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነው። የባለሥልጣንና የሀብታም ልጅ ይቀራል፣ የድሃው ልጅ ይሄዳል። ጆን የሚናገረው በዚያ በማይቀርለት ልጅ አፍ ነው። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የነበረበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ዘፈን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እኛ ሰፈር ልጆች ኮርኒስ ውስጥ ተደብቀው ያድሩ ነበር። የማን ልጅ እንደተወሰደ፣ የማን ልጅ ደግሞ በዘመድ እንደወጣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። እና አንድ ሰው ይህንኑ፣ በሌላ ሀገር፣ በሌላ ጦርነት ጊዜ፣ ሬዲዮ ላይ እየጮኸ ሲናገረው መስማት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያ ጓዳ ውስጥ የነበረው ወጥ ሠሪ ቬትናም የዘመተ ሰው ነበር። ይህ ዘፈን ሲመጣ ቢላዋውን አስቀምጦ ድምፁን ይጨምራል። ሲያልቅ ይቀንሰዋል። በሠራሁባቸው ወራት አንድ ቀን እንኳ አላለፈውም።

«ረን ስሩ ዘ ጃንግል»ን ሰው ሁሉ የቬትናም ጫካ አድርጎ ይሰማዋል። ጆን ግን ስለ አሜሪካ ነው የጻፍኩት ብሏል፣ በየቤቱ ስላለው ጠመንጃ። መግቢያው ላይ ያለው እንግዳ ድምፅ በጨለማ መንገድ ላይ ብቻዬን ስነዳ አሁንም ያስፈራኛል። ከሱ በፊት ያለው «አፕ አራውንድ ዘ ቤንድ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የጊታሩ መክፈቻ ብቻውን ጠዋት ከእንቅልፍ ያስነሳል። «ትራቭሊን ባንድ»፣ «ኮሞሽን»፣ «ሄይ ቱናይት» ሦስቱም ሩጫ ናቸው፣ ተሰምተው ያልቃሉ፣ ብዙ የሚባልላቸው የለም። «ሎንግ አዝ አይ ካን ሲ ዘ ላይት» ግን ቀስ ያለ ነው፤ ርቆ የሚሄድ ሰው መስኮት ላይ መብራት አቆዩልኝ ይላል። ሳክስፎኑን የሚነፋው ራሱ ጆን ነው። እናቴ እኛ እስክንገባ የበረንዳውን መብራት አታጠፋም ነበር። በሌላ ነገር ላብራራላችሁ አልችልም።

አሁን ዝናቡ። አልበሙ ላይ ሁለት የዝናብ ዘፈን አለ። አንደኛው «ሁል ስቶፕ ዘ ሬይን» ነው፣ የዘመኑን ሁሉ መከራ በዝናብ መስሎ ማን ያቁመው የሚል። ለኛ ዝናብ በረከት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው ግን ልቤን ነው የያዘው። «ሃቭ ዩ ኤቨር ሲን ዘ ሬይን»። ፀሐይ ወጥታ እያለ ስለሚዘንብ ዝናብ ነው። እኛ ልጆች ሆነን ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲሆኑ «ጅብ ወለደች!» እያልን ደጅ ወጥተን እንጨፍር ነበር። ስለዚህ ዘፈኑን ስሰማ ደስታ ነበር የሚታየኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጆን ራሱ እንደተናገረው ስለ ባንዱ ነው። በዝና ጫፍ ላይ ናቸው፣ ገንዘቡም ስሙም አለ፣ ፀሐዩ ወጥቷል፤ ከውስጥ ግን እየፈረሱ ነው። ከዘፈኑ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1971 መጀመሪያ፣ ቶም ለቆ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው ይህን አልበም ሳዳምጥ የማዝነው። ባንዱ ሲጀመር ከፊት ቆሞ የሚዘፍነው ታላቁ፣ ቶም ነበር። ታናሹ ሲያድግ ተሰጥኦው ሁሉን ዋጠው። ድምፁም፣ ጊታሩም፣ ግጥሙም፣ ውሳኔውም የጆን ሆነ። ከነዚህ 20 ዘፈኖች ሦስቱ የሌላ ሰው ናቸው፣ 17ቱን የጻፈው ጆን ብቻውን ነው። ታላቅ ወንድም ሆኖ በታናሽ ጥላ ሥር ሪትም መምታት ቀላል አይደለም። ቶም በ1990 አረፈ፤ በወንድማማቾቹ መካከል የነበረው ነገር እንደሻከረ ነው የቀረው። ቤታችን ውስጥ በውርስ የተኳረፉ ወንድማማቾች ስላሉን ይሆናል፣ ይህ ታሪክ ከሙዚቃው ተለይቶ አይታየኝም። «ሄይ ቱናይት»ን ስሰማ ጊታሮቹን ለመለየት እሞክራለሁ፤ የትኛው የታላቁ፣ የትኛው የታናሹ እንደሆነ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ትልቁ ጉድለት «ቦርን ኦን ዘ ባዩ» የለበትም። ይህ ባንድ ምን እንደሆነ በአንድ ዘፈን አስረዳ ብትሉኝ እሱን ነበር የምከፍትላችሁ፣ ያ ከጭቃ ውስጥ የሚወጣ የሚመስለው ጊታር። «ክሮኒክል» በነጠላ የወጡ ዋና ዋና ዘፈኖችን ስለሰበሰበ፣ እሱ ደግሞ የ«ፕራውድ ሜሪ» ሸክላ ጀርባ ስለነበረ ሳይገባ ቀረ። ለማግኘት በ1986 የወጣውን ሁለተኛውን ቅጽ መግዛት ያስፈልጋል። ሌላው «ሱዚ ኪው» ተቆርጧል። መጀመሪያ አልበማቸው ላይ ከስምንት ደቂቃ በላይ ነው፣ እዚህ ግማሹ ገደማ ብቻ አለ፤ ገና ስትሞቁ ያልቅባችኋል። የሚገርመው በዚያ ፋንታ «አይ ኸርድ ኢት ስሩ ዘ ግሬፕቫይን»ን አሥራ አንድ ደቂቃውን ሙሉ አስገብተውታል። ለኔ ረዝሟል። ስቱና ዳግ ምን ያህል እንደተዋሃዱ የምትሰሙት እዚያ ነው፣ ሌሊት ረጅም መንገድ ላይ ደስ ይላል፤ ቤት ውስጥ ግን አልፈዋለሁ። ድምፁ ደግሞ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ለስላሳ ነገር የምትወዱ ከሆነ 68 ደቂቃ ሙሉ ያንን ሸካራ ጉሮሮ መስማት ሊያደክማችሁ ይችላል። በሁለት ተራ ከፋፍላችሁ ስሙት።

አንድ ሌላ የሚቆጠቁጠኝ ነገር አለ። ጆን ለብዙ ዓመታት የእነዚህ ዘፈኖች ባለቤት አልነበረም። ወጣት ሆነው የፈረሙት ውል ዘፈኖቹን ለሸክላ ኩባንያቸው ሰጥቷቸው ነበር። በዚህ ተናዶ ለዓመታት መድረክ ላይ አልጫወታቸውም አለ። በራሱ አዲስ ዘፈን ሲወጣ ደግሞ ኩባንያው «ረን ስሩ ዘ ጃንግል»ን ገልብጠሃል ብሎ ከሰሰው። የገለበጠው ማንን ነው? ራሱን! ጊታሩን ይዞ ፍርድ ቤት ገብቶ ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ እየተጫወተ አስረዳ፣ አሸነፈም። የጠበቃ ወጪው ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1994 ተወሰነ፤ ዛሬ የሕግ ተማሪዎች ይማሩታል። ጆን አሮጌዎቹን ዘፈኖች ይዞ የተመለሰው በ1987 ጁላይ 4፣ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ለቬትናም ዘማቾች በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ነበር። ያ ወጥ ሠሪ እዚያ ነበር ወይ ብዬ ሳልጠይቀው መቅረቴ ይቆጨኛል። በ2023 ደግሞ ጆን የዘፈኖቹን የአሳታሚነት መብት አብዛኛውን ድርሻ መልሶ በእጁ አስገባ። ወደ ሰማንያ እየተጠጋ። ዜናውን ሳነብ የቅርብ ዘመዴ ፍርድ ቤት የረታ ያህል ደስ አለኝ።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ አሮጌ ሲዲ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ አይጠፋም፣ እኔ የራሴን በሁለት ዶላር ነው ያገኘሁት። በሁለት ሸክላም አለ፣ ስልክ ላይም አለ። ክሪደንስን ጭራሽ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሌላ ሳትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ። ጂም ሪቭስና ኬኒ ሮጀርስ ያሳደጓችሁ ከሆናችሁ «ሎዳይ» ላይ ቤታችሁ የገባችሁ ያህል ይሰማችኋል። ሮክ አልወድም ለምትሉ ደግሞ «ዳውን ኦን ዘ ኮርነር»ን እመክራለሁ፤ መንገድ ዳር ለሳንቲም የሚጫወቱ ልጆች ዘፈን ነው፣ ልጆቼ ገና ሳይናገሩ ይጨፍሩበት ነበር። ድምፁን ግን ከፍ አድርጉት። ቀስ ተብሎ የሚሰማ ሙዚቃ አይደለም።

የመጨረሻው ዘፈን «ሰምዴይ ኔቨር ካምስ» ይባላል። አንድ አባት ትንሽ ልጁን ለምን እንደሚሄድ ሳይነግረው፣ አንድ ቀን ይገባሃል ብሎ ትቶት ይሄዳል። ልጁ አድጎ አባት ይሆንና ለራሱ ልጅ ያንኑ ቃል ሲናገር ራሱን ያገኘዋል። ያ የተባለለት ቀን አልመጣም። የጆን ወላጆች በልጅነቱ ተለያይተዋል፤ ዘፈኑን ሲጽፍ የራሱም ትዳር እየተናጋ ነበር። ቶም ሄዷል፣ ሦስት ብቻ ቀርተዋል፣ ባንዱ ወራት ነው የቀረው። ይህን ሁሉ በአራት ደቂቃ ይዘፍነውና አልበሙ ያልቃል። የኔ መኪና ማጫወቻ ሲጨርስ ራሱ መልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለጥቂት ሰከንድ የጎማው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ድራሙ ይገባል፣ የ«ሱዚ ኪው» ጊታር ይጀምራል፣ 1968 ነው፣ አራቱም አሉ።